የናና ቲዋ እግር

የታመመ ባልንጀራዬን ልጠይቅ ኩማሲ ከተማ ከሚገኝ አንድ ሆስፒታል ስገባ አብሮ አደጌን ቦአቺን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ቦአቺ የመንደራችን ሴት ባላባት፣ «ንግሥት እናት» የምንላቸው የናና ቲዋ ቃል አቀባይ ነው፤ ለእሳቸው የሚነገረውም እሳቸው የሚናገሩትም በእሱ አፍ ያልፋል። ያን ቀን ግን ያ አፍ ከአንዲት ወጣት ጋር ክርክር ገጥሟል። ሴዋ ትባላለች፤ ከቀዶ ሕክምና የተነሣን ሰው መራመድ የምታለማምድ ባለሙያ ናት።

ናና ዳሌያቸው ተሰብሮ ተጠግኗል። ሐኪሙ ቶሎ ካልቆሙ አልጋ ላይ ይቀራሉ ብሏል። ቤተሰቡ ደግሞ የንግሥት እናት ባዶ እግር መሬት አይነካም ብሎ ውሃውን አፋቸው ድረስ ያደርሳል፤ ቀና ሊሉ ሲሞክሩ ሴቶቹ ይረባረቡባቸዋል። አክብሮት ልክ ሲያጣ እንዲህ ነው።

የጠቡ መነሻ ሴዋ በናና ቁርጭምጭሚት ላይ ያሰረችው፣ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ነበር።

«ንግሥትን እንደ ፍየል ታስሪያለሽ?» አላት ቦአቺ።

«አባቴ፣ ፍየል የሚታሰረው እንዳይሄድ ነው። እኔ ያሰርኩት እንዲሄዱ ነው።»

«ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ነኝ። እግራቸው ሲንቀሳቀስ አላየሁም።»

«እርስዎ ባሉበትማ አይንቀሳቀስም» አለችና መሣሪያው ስልኳ ላይ ያሰመረውን መስመር አሳየችው።

እኔም አጎንብሼ አየሁ። ጠያቂ በሞላበት ሰዓት መስመሩ ዝርግ ነው። ቤተሰቡ ፉፉ ሊበላ ሲወጣ ግን በየቀኑ ከፍ ይላል፤ ናና ብቻቸውን ሲቀሩ እግራቸውን ያለማምዱ ነበር።

«ለምን ደበቁኝ?» አለ ቦአቺ።

«ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

ናና ወዳሉበት ክፍል ገባን። ቦአቺ የለበሰውን ጨርቅ ለአክብሮት ከትከሻው ዝቅ አድርጎ ለምን እንደደበቁ ጠየቃቸው።

«ያከበራችሁኝ መስሏችሁ ቀበራችሁኝ» አሉ ናና። «ስነሣ ሴቶቹ እንዳያለቅሱብኝ ፈርቼ ነው። መንደሬ የምገባው በገዛ እግሬ ነው።»

ባዶ እግር የሚለው ወግ ቦአቺን አሁንም አስጨንቆት ሴዋን አማከራት። ጫማ ያድርጉ፣ ግን የክብር ጫማቸው ከኋላ ክፍት ስለሆነ ያንሸራትታል አለችው። ቦአቺ ሰው እንኳ ሳይልክ ራሱ ገበያ ወርዶ ጫማቸው ላይ የኋላ ማሰሪያ አሰፋበት።

ከዚያ ወዲያ ሴዋ መስመሩን እያየች፣ ናናን እየጠየቀች ልምምዱን እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው አደረገችው። ሴቶቹም ማንሣቱን ትተው ክንድ መስጠት ተማሩ። መሣሪያው ማንንም አልፈወሰም፤ ሕመምተኛዋ ለቤተሰባቸው ሲሉ የደበቁትን አሳየን እንጂ። አስታማሚ ይህን ካወቀ ድካሙ ይቀልለታል፣ ሕመምተኛውም የራሱ ጌታ ይሆናል።

ናና ወደ መንደር በተመለሱ ዕለት ከበሮው መንገዱን ሞላው፤ እኔንም ደስታ አስለቀሰኝ። ጎረምሶች ሊሸከሟቸው ሲመጡ ቦአቺ የቃል አቀባይነት በትሩን ዘርግቶ ከለከለና ለሕዝቡ መናገር ጀመረ፦ «የታመመ ያላችሁ ስሙኝ፤ ከመሸከማችሁ በፊት ጠይቁት...»

ንግግሩን ሳይጨርስ ናና ቀድመውት በእግራቸው የግቢያቸውን በር አልፈው ነበር።