ያልተመዘገበው ዳገት

ክቡራትና ክቡራን፣ የክለባችን አትሌቶች፣

ለዚህ ዝግጅት ስለደከማችሁ አመሰግናለሁ። ስጦታውን ገና አልከፈትኩትም፤ በወረቀቱ ላይ ስዳስሰው ግን ሰዓት ይመስላል። ለጡረተኛ ሰዓት! ምን ልትሉኝ ፈልጋችሁ ነው?

ሳቃችሁ። እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ሲስቅ እንኳ ምን ደብቆ ይሆን ስል የኖርኩ አሠልጣኝ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ወጌሻችን ውቢት ከሥልጠና ተመልሳ፣ «አያ ካሣዬ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ታይ ቺ እንጨምርላቸው» አለችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የቻይኖች እንቅስቃሴ ነው። በዝግታ ይሠራል። ሚዛን ያስጠብቃል፣ ትንፋሽ ያረጋጋል።»

በዝግታ! ለማራቶን ሯጭ!

ቁስቋም ሜዳ ዳር ቆሜ አየኋችሁ። እጃችሁ አየር ይገፋል። አንድ እግር ለመለወጥ አምስት ትንፋሽ። አንድ ቄስ ሲያልፉ፣ «ምነው፣ ለማን ነው የሚሰግዱት?» አሉኝ። «እኔም እሱን እያጣራሁ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው።

የማራቶን ሯጫችን ሸዋረግ ሰማችን። «መሪጌታው አባቴ ዝማሜ ሲያስተምር ይመስላል እኮ፤ ይግቡ እንጂ አያ ካሣዬ!» አለች።

አልገባሁም። ውቢት ቦታዬን ፈልጋ ይሆን? አመራሩስ እኔን ቀስ አድርጎ ሊያስወጣ ይሆን? ቤቴ ገብቼ ስበላ እንኳ ይኸው ነበር የማስበው።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ታይ ቺው ሥራ መፍታት መስሎኝ፣ የባከነውን ላካክስ ብዬ፣ በእነዚያው ቀኖች ከሰዓት ሸዋረግን ብቻዋን ከአዘዞ ወደ ከተማ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለውን ዳገት አስሮጥኳት። በአንድ ከሰዓት ስምንት ጊዜ። «ለውቢት አትንገሪ፣ ይከፋታል» አልኳት። የሥልጠና መዝገቡ ላይ «እረፍት» ብዬ ጻፍኩ።

አመመኝ ስትለኝ አላመንኳትም፤ በሦስተኛው ወር የቅልጥሟ አጥንት ተሰነጠቀ።

ስብሰባ ተቀመጥን። ከምን መጣ? መዝገቡ ላይ አዲስ ነገር ታይ ቺ ብቻ ነበር። ሁላችሁም ወደ ውቢት ዞራችሁ። እኔም ዞርኩ። ሸዋረግ ክራንቿን ይዛ እኔን አየችኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። አላጋለጠችኝም።

ታይ ቺው ታገደ። የውቢት ውል ሰኞ ይታያል፤ እንደማይታደስ ሰምቻለሁ።

መዝገቡ ይኸው። ዳገቱን በተሮጠበት ቀን ሁሉ አስገብቼ ፈርሜበታለሁ። ክቡር ሰብሳቢ፣ ሰኞን አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ይቀበሉኝ።

ታይ ቺ ይጠቅማል? አሁንም አላመንኩም። ሸዋረግን የጎዳት ግን ዳገቱ ነው፤ ዳገቱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ለምን ዛሬ ተናገርኩ? ከነገ ጀምሮ ማንም ሊያባርረኝ ስለማይችል ይሆን? ራሴንም እጠረጥራለሁ።

እግራችሁን ከስብራት ይጠብቅላችሁ። ትንፋሻችሁ አይጠር። ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው አሠልጣኝ፣ አመመኝ ስትሉ የሚያምናችሁ ይሁን። ውቢት፣ ስለ ሥራሽ ወሬውን ሳይሆን እውነቱን ተመልክተው ይፍረዱልሽ፤ እኔንም ይቅር በይኝ።

እባካችሁ፣ አታጨብጭቡ። ሸዋረግ ከኋላ ተነሥታለች።

መጀመሪያ እሷ ትናገር።