የዝናቡ ሽታ

«ሳልታጠብ ልጅቷን እንዳትሰጪኝ!» ይለኝ ነበር ባለቤቴ። በመንግሥት ቡና እርሻ የተባይ መድኃኒት ይረጭ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጅማ ሲመጣ ሸሚዙን ደጅ አውልቆ፣ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቦ ነው የሚያቅፋት። በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። የቀረኝ ያልታጠበ የሥራ ሸሚዙ ነው። ሲከፋኝ አሸተዋለሁ፤ ልጄም ስታለቅስ በእሱ እጠቀልላታለሁ።

በጋው አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ቀን ጎረቤቴ እማማ ዘሃራ ከአጥር ማዶ ጮኹ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? የመጀመሪያ ዝናብ እኮ በረካ ነው! ሰው ያልነካው ውሃ ነው፣ እጠቢያት!» ከቆርቆሮው የሚወርደውን በሳፋ ተቀበልኩና ልጄን ከሸሚዙ አወጣኋት። ልነክራት ጎንበስ ስል ያ የማውቀው ሽታ መታኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ባሌ መጣ ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። በሩ እንደተዘጋ ነው። የሸተተኝ ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ነበር። ለካ ሰሞኑን ከከተማው ማዶ ቡናው ሲረጭ ሰንብቷል፤ ነፋሱም ወደ እኛ ነበር።

«ምነው ቆምሽ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ይሄንንስ ሰው ነክቶታል።»

«ሰማይ ላይ ማን ወጥቶ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ምን ብዬ ላስረዳቸው? ሳፋውን ደፋሁት። ልጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ አዘልኳት። ከዚያ ከጉድጓድ ውሃ ቀዳሁና ሸሚዙን በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኩት።