የጨጓራ ወሬ አቀባይ

ይታይሽ ከዳንግላ ገበያ ስትመለስ ጋሪው ላይ ከናርዶስ ጎን ቦታ ደረሳት። ናርዶስ የሟች ጓደኛዋ የእታለማሁ የልጅ ልጅ ናት፤ እንጅባራ ፋርማሲ ትማራለች። ደብተሯን ከፍታ ታነበንባለች።

«ምንድን ነው የምትደግሚው፣ ዳዊት ነው?»

«የቃር መድኃኒቶችን ነው፣ እትዬ። ፈተና አለብኝ።»

ቃር ሲባል ይታይሽ ደረቷን ያዘች። ስቅለት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እሷ ደግሞ ጎንበስ ባለች ቁጥር እሳቱ ጉሮሮዋ ድረስ ይወጣል። ድሮ ከእታለማሁ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው «ደከመሽ?» «አንቺ ይድከምሽ!» እየተባባሉ ሲሰግዱ ነበር የሚውሉ። አምና ግን ቆማ ዋለች። ሰፈሩ ዝም ይላል? «ያልተናዘዘችው ኃጢአት ነው የሚያቃጥላት» ተባለ። ወሬውን ያዞረችው ስሜነሽ ናት፤ ከኔ አልሰማችሁም።

«የናንተ መድኃኒት ውሸት ነው» አለች ይታይሽ። «ጤና ጣቢያ መርምረው የሰጡኝን ኦሜፕራዞል የሚሉትን እንክብል ስውጥ ሁለት ሳምንቴ። ተልባዬ ይሻለኛል።»

«መቼ ነው የሚውጡት?»

«ዘጠኝ ሰዓት፣ ከበላሁ በኋላ ነዋ! በባዶ ሆዴ ውጬ ጾሜን ልግደፍ?»

ናርዶስ ሳቀች። «እትዬ፣ ጨጓራ ምግብ መጣ የሚል ወሬ ሲሰማ አሲድ ያፈሳል። የሚታኘከው አንታሲድ የፈሰሰውን ያበርዳል፤ ቶሎ ያስታግሳል፣ ቶሎም ያልፋል። እነ ፋሞቲዲን ደግሞ ወሬ አቀባዩን በር ላይ ይይዙታል።»

«እንደ ስሜነሽ ያለውን!»

«እንደ እርስዎም ያለውን። የእርስዎ ኦሜፕራዞል ግን አሲድ የሚያፈሰውን ቧንቧ ራሱን ነው የሚዘጋ። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ደጅ መጠበቅ አለበት። እርስዎ እኮ ወሬው አገር ካዳረሰ በኋላ ነው የሚልኩት!»

ይታይሽ ጠጋ አለቻት፤ እንዲህ የምትጠጋው ለወሬ ብቻ ነበር። «ጾሙስ?»

«የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።»

ጠየቀች። ቄስ አድማሴም «መድኃኒት ምሳ ነው ያለሽ ማን ነው?» ብለው ተቆጧት። ከዚያ ወዲያ ስምንት ሰዓት ተኩል ትውጣለች፣ ዘጠኝ ትበላለች፤ በልታም ወዲያው አትጋደምም።

በስቅለት ሰገደች። ስሜነሽ ተጠግታ «ተናዘዝሽ እንዴ?» አለቻት።

«ቧንቧውን ዘጋሁት! አንቺም ካቃጠለሽ ተመርመሪ እንጂ የኔን እንክብል እንዳትለምኝ። መዋጥ ካስቸገረሽ ወይ ደም ካስመለሰሽማ አንድ ቀን ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። መድኃኒት ስሙን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ማወቅ ነው፤ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የተቃጠልኩት ሳልመረመር፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ሰዓቱን ባለመጠየቄ ነው።»

በእታለማሁ ቦታ ነጠላዋን ያጣፋች ልጅ ቆማለች፤ ናርዶስ ናት።

«ደከመዎት፣ እትዬ?»

«አንቺ ይድከምሽ!»