ለለገሠ የተተከለው ጽጌረዳ

አዴ ሐሊማ፣ እንግዲህ በጡረታ ሽኝትዎ ላይ የመናገሩ ተራ የእኔ ነው። ዛሬ ቢቆጡኝም አልሰማም!

በስልሳ ሰባት ዓ.ም. ወደዚህ መዝገብ ቤት ተዛውረው የመጡ ዕለት የነበርን እናስታውሳለን። በአንድ እጅ የዝውውር ደብዳቤ፣ በሌላው አቦከር ሰፈር ካለው ግቢዎ የቆረጡት አበባ። በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውሃ ሞልተው አበባውን መሀል፣ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ዙሪያውን ደረደሩና ለሶላት ወጡ። ሲመለሱ አበባው አለ፤ ቅጠሉ የለም። ለካ ቅጠሉ ጫት ኖሯል! ተላላኪያችን ኢብራሂም ጉንጩ ተወጥሮ ቆሟል።

"ኢብራሂም፣ ቅጠሌን ማን ወሰደው?"

"ወላሂ አዴ፣ ሲጠወልግ አሳዘነኝ!"

ያን ቀን ኢብራሂም ፋይል ያመላለሰበት ፍጥነት እስከ ዛሬ አልተደገመም።

ለአብዮት በዓል ደግሞ የያኔው ኃላፊያችን ጓድ ደምሴ "አበባው ቀይ ብቻ ይሁን!" ብለው አዘዙ። አዴ ሐሊማ ቅጠል ብቻ ይዘው ከች አሉ። "ቀዩስ?" ቢባሉ፣ "ጓድ፣ ምን ላድርግ፣ በሰርኩላር አልፈነዳ አለኝ!" ጓድ ደምሴም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

እኔማ ካላንደር ትቻለሁ፤ ወሩን የማውቀው አዴ በሚያመጡት አበባ ነው። መስከረም ሲገባ አደይ አበባ፣ በጋው ጠንቶ አበባ ሲጠፋ ሪሐንና የሎሚ ቅጠል። ያ ሽታ ከአሮጌው ወረቀት ሽታ ጋር ሲቀላቀል ዓይኔ ክድን ይላል። ጣቴ ታይፑ ላይ እንዳለ ውሃ ሲንጠባጠብ፣ ንብ ስትዞር እሰማለሁ።

"ገላነሽ፣ ተኛሽ እንዴ?"

"ኧረ እየጻፍኩ ነው አዴ!"

"ታዲያ ወረቀቱ ምነው ነጭ ሆነ ልጄ?"

አሁን ሳቁ ይብቃኝ። "በየኅዳሩ ለገላነሽ ለብቻዋ ነጭ ጽጌረዳ የሚመጣላት በምን ዕዳ ነው?" እያላችሁ ስታሙን ሰምቻለሁ። ልንገራችሁ። ባለቤቴ ለገሠ በሰባ ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግንባር ሄዶ ቀረ። መርዶው ደረሰኝ፤ አስከሬኑ አልመጣም። የማለቅስበት መቃብር እንኳ የለኝም። በሦስተኛው ቀን አዴ ሐሊማ ለቅሶ ቤት መጥተው በጆሮዬ፣ "ልጄ፣ ግቢዬ ውስጥ ለለገሠ አንድ ጽጌረዳ ተክያለሁ። ሲከፋሽ ነይና አጠገቡ ተቀመጪ" አሉኝ።

አልሄድኩም። ፈራሁ። እዚያ ሄጄ ከተቀመጥኩ መሞቱን አመንኩ ማለት ነው ብዬ ፈራሁ። በየዓመቱ "ነይ እይው" ሲሉኝ "ሥራ በዛብኝ" እላለሁ። እሳቸው ግን አንድም ቀን ሳይቀየሙኝ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጽጌረዳውን ፀሐይ ሳያገኘው ቆርጠው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ፈረስ መጋላ አደባባይን አቋርጠው ያመጡልኛል። አሥራ አንድ ዓመት! እንዲህ የታገሠኝ ሰው የለም። አዴ፣ አመሰግናለሁ ማለት አነሰብኝ። አላህ ይክፈልልኝ።

በሉ እንግዲህ፣ ሚሪንዳ የያዘም አምቦ ውሃ የያዘም ብርጭቆውን ያንሳ! ለአዴ ሐሊማ ዕድሜና ጤና! ጉልበትዎ አይዛል፣ ግቢዎ ውሃ አይጣ፣ የልጅ ልጆችዎን ለመዳር ያብቃዎ። አሚን በሉ!

አዴ፣ እሁድ ጠዋት በሩን አይዝጉብኝ። ለገሠን ልጠይቀው እመጣለሁ።