ማርታ የጠየቀችው ሰውዬ

በእኛ ጊዜ ሐኪም ማለት እኮ፣ ልጆቼ፣ ሲያልፍ ብድግ የሚባልለት ሰው ነበር። እናቴ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ትል ነበር፣ መርፌ ቀቃዩንም ሳይቀር። ሳቁ፣ ሳቁ። ይሄ የማወራችሁ ግን የሚያስቅ አይደለም፣ የጥንትም አይደለም፣ የቅርብ ነው። አንቺ የልጄ ልጅ፣ ሰላም፣ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ፣ ነገ ሐኪም ነኝ ባይዋ አንቺ ነሽ።

ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለችዋን የጓሮ ክፍሌን ታውቋታላችሁ። እሷን ዮናታን የሚባል ልጅ ተከራይቷት ነበር። የሕክምና ትምህርቱን ሊጨርስ ትንሽ የቀረው፣ ኢንተርን ነው የሚሏቸው፣ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ጨዋ ልጅ። ታዲያ ይሄ ልጅ ሥራ ይሄዳል፣ አይመጣም። በማግስቱም አይመጣም። የመጣ ቀን ከነጫማው አልጋው ላይ ይወድቃል። «ዮናታን፣ ኧረ እህል ቅመስ» ስለው፣ «እሺ ጋሼ፣ እሺ» ይለኛል ዓይኑን እንደጨፈነ። እኔ ሸማኔ ነኝ፣ ሲደክመኝ ድሩ ይበጠስብኛል፣ ያኔ ተነስቼ እሄዳለሁ። እሱ ወዴት ይሂድ?

እና አንድ ቀን ማርታ፣ የአጎቴ የልጅ ልጅ፣ ከዶርዜ ልጇን አዝላ ወረደች። ልጁ ገና ወፌ ቆመች የሚባል፣ ሳንባው ታሞ ትንፋሽ ያጥረዋል። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት መኪና የለም፣ ግማሹን በእግሯ ነው የመጣችው። ሆስፒታል ስትደርስ ተረኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኔው ዮናታን! ለፋ፣ ኦክስጅን አደረገለት፣ መርፌ ወጋው፣ ወዲያ ወዲህ ተሯሯጠ፣ ልጁ ግን ሞተ። ሞተ፣ ልጆቼ። ታዲያ ያ ጨዋ ልጅ ዞር ብሎ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር? አንቺ ነሽ የገደልሽው!» አላት። በሰው ፊት፣ ሬሳውን እንደታቀፈች።

እኛ ጋሞዎች ዘንድ ይሄ ጎሜ ነው፣ ትልቅ ነውር ነው፣ እንዲህ ያለ ቃል ካልተመለሰ ሰው ይጎዳል። ማርታ ልጇን ቀበረችና እህል እምቢ አለች። «የተማረ ሰው ነው ያለው፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች። ባሏ ቢመክራት፣ እናቷ ብትለምናት፣ ወይ ፍንክች! ሰውነቷ አለቀ። ሁለተኛ ቀብር ልንቀብር ነው ብለን ፈራን። የዶርዜ ሽማግሌዎች «ቃሉን ያወጣው አፍ ራሱ ይመልሰው» አሉና ዮናታንን እንዳመጣው ላኩብኝ። እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር። «እሄዳለሁ ጋሼ፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ፊቷ ከፊቴ አልጠፋም» አለኝ።

እረፍት ባገኘ ቀን ይዤው ዶርዜ ወጣሁ። ዱቡሻው ላይ፣ ያ የዕርቅ ሜዳችን ላይ፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር ይዘው ተቀምጠዋል። ዮናታንን አንዱ ድንጋይ ላይ፣ ማርታን ትይዩ አስቀመጧቸው። ምርቃት ተጀመረ። ምርቃታችን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ረጅም ነው። ቀና ብዬ ባይ ልጁ ተኝቷል! አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ጭልጥ ብሏል። አንዱ ሽማግሌ ብድግ አለ፣ «ምን ዓይነት ንቀት ነው? ሰድቧት ሲያበቃ ደግሞ ይተኛባታል?» ማርታም ተነሳች። በጥፊ ልትለው ነው ብዬ ክው አልኩ። አጠገቡ ቆማ አየችው፣ አየችው። «ይሄ ልጅ ታሟል እንዴ?» አለች። «ተዉት፣ እንዳትቀሰቅሱት» አለችና ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችው። እና ያ ሁሉ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ አንድ ልጅ እስኪነቃ ጠበቀ።

ሲነቃ ጋቢውን አየ፣ እሷን አየ፣ እና ተንበረከከ። «እህቴ፣ ከየት እንደመጣሽ እንኳን አልጠየቅኩሽም። አልዘገየሽም። አልገደልሽውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ጎኔ አልጋ አልነካም ነበር፣ ይሄ ግን ምክንያት አይሆነኝም፣ ቃሉ የኔ ነው» አለ። ማርታ ያኔ ጮኸች። ከቀብሩ ወዲህ አልቅሳ አታውቅም ነበር።

ታዲያ ትልቁ ሽማግሌ ጠየቀው፣ «እንቅልፍ የከለከለህ ማነው?»

«አለቆቼ።»

«ደከመኝ አትላቸውም?»

«እላቸዋለሁ። እንዲህ ነው የሚሉኝ፣» አለና ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ «እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው! ሐኪምና እንቅልፍ ምንና ምን ናቸው!»

ማርታ እንባዋን ጠረገች። «ታዲያ ሰውዬው የታለ?» አለች። «ይሄን ልጅ እንዲህ አድርጎ ወደ ልጄ የላከው ሰውዬ? እሱስ እዚህ አይቀመጥም?»

ትልቁ ሽማግሌ «እውነቷን ነው፣ ከዚህ ልጅ ጋር ታርቀናል፣ ጉዳዩ ግን አልተዘጋም» አለና ለሰውዬው ሌላ ድንጋይ አስመጥቶ መሃል አስቀመጠ። አለቃውን ልጠራ ሆስፒታል የሄድኩት እኔው ነኝ። «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አባት» አሉኝ። ሌላ ቀን ሄድኩ፣ «መስክ ወጥተዋል» አሉኝ። ሳሩ በእጃችን ላይ ደረቀ።

ዮናታን ተመርቆ አገሩ ገባ፣ ግን ሕክምናውን ተወው አሉ። አንጀቴን ነው የበላው፣ ያ ሁሉ ልፋት! ማርታ አሁን ትበላለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ገበያ ስትወርድ ታዲያ ደጄ ላይ ቆም ትልና «ሰውዬው መጣ?» ትለኛለች። አልመጣም እላታለሁ። ዘንቢሏን አንስታ ትሄዳለች።

«አባባ፣» አለች ሰላም፣ «እኔ እኮ ኢንተርን ሆኜ ሆስፒታል የምገባው ሰኞ ነው።»

አውቃለሁ እንጂ! ለማን የማወራ መሰለሽ?

«አንድ ቀን እኔም አለቃ እሆናለሁ። ያኔ ራሴ ሄጄ እዚያ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ።»

እሰይ የኔ ልጅ፣ አፍሽ ይባረክ። የዮናታን አለቆችም ግን እኮ፣ እንዳንቺ ጀማሪ ሳሉ፣ እንዲሁ ሳይሉ አልቀሩም።