የደጉ ፈረሰኛ ገመድ

ነይ የአክስቴ ልጅ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። መርፌ እንዳይወጋሽ ብቻ፤ ልብስ ሰፊው ጋሼ ክፍሉን ለቅዳሜ ጨዋታችን ሲለቅልን ጠረጴዛውን እንጂ ወለሉን አይጠርግም። ይሞቃል አይደል? እስካሁን ልብስ ሲተኩስበት ነበር። ታሪኩን የሚመራልን አጫዋቻችን እስኪመጣ አንድ ወሬ ላውጋሽ፤ ጊዜዬን በላው አትዪኝም።

ለጨዋታው አዲስ ነሽና መጀመሪያ ላስረዳሽ። እያንዳንዳችን እሱን ሆነን የምንጫወተው አንድ ሰው ፈጥረን ወረቀት ላይ እናሰፍረዋለን፤ ጉልበቱን፣ መሣሪያውን፣ ከሁሉ በላይ ጠባዩን። ደግ ነው ወይስ ክፉ? ሕግ አክባሪ ወይስ አፈንጋጭ? ሌሎቻችን ጠባዩን በእርሳስ ነው የምንጽፈው፤ ሰው ይለወጣላ! በእስክሪብቶ፣ ያውም በትልልቁ፣ «ደግ» ብሎ የጻፈ አንድ ሰው ብቻ አለ። ስም አልጠራም... ድምፄን ልቀንስ እንዴ? ኧረ ምን በወጣኝ! ሙገሳ አይደል?

የእሱ ሰው ፈረሰኛ ነው፤ ሲበላ ይጸልያል፣ ሲዋጋ ይጸልያል። የእኔ ሽፍታ ነበር። «ክፉ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ግን ይሉኝታ የያዘው ክፉ! የተኛ ሰው አይመታም፣ ቃል ከሰጠ አያጥፍም። ሁለት ዓመት አብሮኝ ኖረ። ምን ያደርጋል፣ ኋላ ቀር ሽፍታ...

ባለፈው ቅዳሜ ገደል ስንወርድ ሁለቱ በአንድ ገመድ ታሰሩ። ገመዱ መበጠስ ጀመረ። ፈረሰኛው ከላይ፣ ሽፍታዬ ከታች፣ ፈረሰኛው ጀርባ ላይ ደግሞ ከፍርስራሽ ውስጥ ያገኘነው የብር ዕቃ የሞላው ከረጢት። አንዱ መጣል አለበት። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትጥያለሽ? ... አየሽ፣ ከረጢቱን ያልሽው ገና ስላልበሰልሽ ነው!

እሱ መጀመሪያ ጸለየ። ከዚያ አጫዋቹን በትሕትና «ክፉ ሰው ብጥል ኃጢአት ይሆንብኛል?» አለው። አንገቱን አስግጎ ወረቀቴን አየ፤ «ክፉ» ይላል። ገመዱን ቆረጠው። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ኅሊና የት ይገኛል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ከድሩ መሃል ቢላ የያዘ ካለማ... አንበሳውም ተመስገን ይላል።

ኧረ አልተቀየምኩም! ወረቀት ነው፤ ቀደድኩት።

ዛሬ ደግሞ ወደ ዋሻው ስንወርድ አንቺም የፈጠርሻትን ፈዋሽ ከአንዱ ጋር ታስሪያታለሽ። ከእሱ ጋር አስሪያት እንጂ! ይኸው ወንበር ሁሉ ይዞልሽ የለ? እንዴት ያለ አሳቢ! ለመሆኑ ጠባይዋን ምን ብለሽ ጻፍሽ? «ገና አልወሰንኩም»? ኧረ ቶሎ ጻፊ፤ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ አይጻፍም።

በይ ሂጂ፣ ሞክሪው፤ ሰው ካልሞከረ በምን ያውቃል? እኔማ ከልቤ ነው የምመርቀው። ፈጣሪ ከእኛ ዕድሜ እየቀነሰ ለእሱ ይጨምርለት። የእኔን እንኳ ባለፈው ቅዳሜ ተቀብሏል... የጎደለውን ከእናንተ ይሙላለት። አሜን በይ እንጂ!