ከስሙ ፊት የቆመችው ሴት

ዘመድ ስጠይቅ ነው የምውለው፤ ያን ቀንም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ወደ ቀፊራ በሚሄደው ታክሲ ተሳፍሬያለሁ። ከፊቴ አንዲት ልጅና የሥራ ባልደረባዋ ወደ ማተሚያ ቤት የሚወስዱትን፣ ቅርጫት የተሸከመች ሴት ፎቶ ያለበትን የአዲስ መጽሔት ሽፋን ይዘው ይከራከራሉ።

«አቦ ሐናን፣ ምን ነካሽ? የሴትዮዋ ቅርጫት የመጽሔቱን ስም ሸፈነው እኮ!»

«የሸፈነው አንድ ፊደል ነው፣ እሱንም ግማሹን።»

«የመጀመሪያ እትም ነው፣ ስሙን ገና ማን ያውቀዋል? አለቃ ካየው ይመልሰዋል። ሴትዮዋን አሳንሻት።»

«አላሳንሳትም! ያን ሁሉ ማንጎ ተሸክማ አንገቷ ቀጥ ማለቱን አታይም? ስሙ ከኋላዋ ይቁም።»

«ማማሩንማ ያምራል፣ ወላሂ። ማንጎው ራሱ ያውዳል። ግን ካልተነበበስ?»

«ሰው እንጠይቃ! አባባ፣ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?»

አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙት።

«‹ድሬዎች› ነዋ! ሌላ ምን ሊል ነው?»

«ቅርጫቱ ፊደሉን አልከለለብዎትም?»

«የቱን ፊደል? እኔ እሷን ሳይ ነበር። ማሻ አላህ! ለእንዲህ ዓይነቷማ ስሙም መንገድ ይልቀቅላት።»

«ሰማህ ዳዊት?»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ። እንዳለ ይታተም፤ አለቃን እኔ አናግረዋለሁ።»

«እጄን ምታ!»

«ቀፊራ ወራጅ!» አለ ረዳቱ።

ሻሼን አስተካክዬ፣ እንደ ሽፋኗ ሴት አንገቴን ቀጥ አድርጌ ወረድኩ።